ጡታችንና ታሪኩ

«ካጠባሽ ጡትሽ ይወድቃል» ሲባል ያልሰማች እናት በመካከላችን የለችም። ይህን ፈርተው ጡት ለማስጣል የሚቸኩሉ፣ ከባላቸው ተደብቀው ልብስ የሚቀይሩም አሉ። ስለዚህ የነገሩን ታሪክ ማወቅ ይጠቅመናል።

በአገራችን ጡት የዝምድና ማሰሪያ ነበር። ትልቅ ሰው የባዕድን ልጅ እንደ ልጁ ሲቀበል «የጡት ልጅ» ያደርገው ነበር። ክብሩ ጡት ካሳደገው ልጅ የመጣ ነው፤ መልኩን የጠየቀ አልነበረም።

ቅርጹን ለገበያ ያወጣው ሌላ ዘመን ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1914 ሜሪ ፌልፕስ ጃኮብ የተባለች ሴት ለጡት መያዣ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘች። በ1962 በቴክሳስ፣ ሂዩስተን ከተማ፣ የመጀመሪያው የሲሊኮን ጡት በቀዶ ሕክምና ተተከለ። በ1992 የአገሪቱ መንግሥት ስለ ደኅንነቱ ጥያቄ ተነሥቶ ለውበት ሲባል መትከልን ከለከለ፤ በ2006 እንደገና ፈቀደ።

ማጥባትን ግን ማን ከሰሰው? በ2008 የታተመ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ጡት መውደቅን ከማጥባት ጋር የሚያገናኝ ነገር አላገኘም። ያገናኘው ከእርግዝና ብዛት፣ ከዕድሜ፣ ከክብደትና ከሲጋራ ጋር ነው። ጡት በእርግዝና ጊዜ ያድጋል፣ ቆዳውም ይለጠጣል፤ ያላጠባች እናት ጡትም ይለወጣል።

እንግዲህ እህቶች፣ መልኩን ለማዳን ብለን ልጅን ጡት አንንፈግ። ልካችን የሆነ ጡት መያዣ እናድርግ፤ ሐሳባችንንም እርስ በርስ እንነጋገር። እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ካየን ግን ሳንዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ።