ቅኔ ሽምደዳ ነው ያለው ማነው?

«የድሮ ትምህርት ሽምደዳ ነው» ሲባል ሰምተን አድገናል። እኛም ብለነዋል። ለዜማውና ለንባቡ ነገሩ ብዙም ሐሰት አይደለም። ቅኔ ቤት ስንደርስ ግን አባባሉ አያስኬድም።

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበብን ሁሉ የቅኔ ተማሪን በበዛብህ እናውቀዋለን። እንዲህ ያለ ተማሪ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ ነው ቅኔ ቤት የሚገባው። የግዕዙን ግሥና አገባብ ይይዛል። ከዚያ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ስንኝ ብቻ! ዘአምላኪየና ሚበዝኁ ሦስት ሦስት፣ ዋዜማ አምስት እያለ ባለ ስምንቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። (ይህ ሁሉ ደበሎ ለብሶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ እየለመነ መሆኑን አንርሳ።)

አሠራሩን እንይ። የኔታ በቃላቸው አንድ ቅኔ ይዘርፋሉ። እዚህ «መዝረፍ» ሌብነት አይደለም፤ እዚያው ፈጥሮ ማፍሰስ ነው። ተማሪው ደግሞ ብቻውን ዱር ገብቶ የራሱን ይቆጥራል። ሲመለስ ለሌላው እያሰማ ይነግራል፤ ምጣኔው ከጎደለ፣ ሰሙና ወርቁ ካልገጠመ እዚያው ይታረማል። የሚያርመው ሁልጊዜ የኔታ አይደሉም። አስነጋሪ የሚባል፣ ራሱ ገና ያልጨረሰ ነባር ተማሪ አለ። ታናሹን እያረመ የራሱን ይማራል። እኛ ዩኒቨርሲቲ ሳለን ማን እንዲህ አደረገን?

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ ትናንት የተደነቀበትን ቅኔ ዛሬ ይዞ መምጣት አይቻልም። የሌላውን ማቅረብማ ነውር ነው። በየቀኑ አዲስ መፍጠር ግድ ነው። ታዲያ ይህን በሽምደዳ ማን ያልፈዋል?

አንድ ነገር ግን ያንገበግበናል። እንደ እኛ ላለች ሴት ልጅ ይህ በር ዝግ ነበር ማለት ይቻላል። «ማለት ይቻላል» ያስባሉን የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። ዓይነ ስውር ነበሩ። አባታቸው የቅኔ መምህር ስለነበሩ ከእሳቸው ተማሩ። ኋላም ራሳቸው ጉባኤ ዘርግተው፣ በወንዶች ወንበር ተቀምጠው፣ ወንዶቹን ቅኔ አስቆጠሩ።