ብራናው የተናገረው፣ ድንጋዩ የደበቀው

ከወልዲያ ተነስቶ በኩልመስክ አድርጎ ላሊበላ የሚገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እነዚህ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት መቼ ተሠሩ?» ብሎ ነው። ትውፊቱ ሥራውን ለንጉሥ ላሊበላ ይሰጣል። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ዴቪድ ፊሊፕሰን ደግሞ ከፊሎቹ ከንጉሡ ዘመን መቶ ዓመታት ቀድመው መፈልፈላቸውን ጽፏል። ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም።

ታዲያ መሣሪያ ለምን አይፈርድም?

ዘመን የሚለካው በካርቦን 14 ነው። ይህ ጨረር አመንጪ ካርቦን በአየር ውስጥ አለ፤ ተክል ከአየር ይስበዋል፣ እንስሳ ተክሉን ይበላል። ሕይወት ሲያበቃ አዲስ አይገባም፤ የነበረው በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ድንጋይ ግን በሕይወት ኖሮ አያውቅም።

አሜሪካዊው ዊላርድ ሊቢ እ.ኤ.አ. በ1949 ይህን ዘዴ ይፋ ሲያደርግ የተጠቀመው በጋይገር ቆጣሪ ነበር። ጋዝ በሞላው ቱቦ መሐል ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የተሸከመ ቀጭን ሽቦ አለ። የካርቦን 14 አቶም ሲፈርስ የሚወነጭፈው ኤሌክትሮን ጋዙን ሲመታ በሽቦው ላይ አንድ ምት ይመዘገባል። ከአንድ ግራም ትኩስ ካርቦን የሚገኘው በደቂቃ 14 ምት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ ግራም ካርቦን ያስፈልግ ነበር። ለዚህ ሲባል የጥንት ብራና ይቃጠል ቢባል ማን ይፈቅዳል?

እ.ኤ.አ. ከ1977 ወዲህ መላው ተቀየረ። አቶሙ እስኪፈርስ መጠበቅ ቀርቶ አቶሞቹን ራሳቸውን በክብደት ለይቶ መቁጠር ተቻለ። አንድ ሚሊ ግራም ካርቦን በቂ ሆነ።

ውጤቱን አድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ገዳም አየው። ምሁራን ወንጌሎቹን ወደ 1100 ዓ.ም. ገደማ ያስጠጓቸው ነበር። በኦክስፎርድ የተመረመሩት ጥቃቅን የብራና ቁራጮች ግን ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ አስቀመጧቸው። የኢትዮጵያ መጽሐፍ ታሪክ በመቶ ዓመታት ወደ ኋላ ተሳበ።

ሆኖም ቆጣሪው የሚናገረው ቆዳው የተገፈፈበትን ዘመን እንጂ ጸሐፊው ብዕር ያነሳበትን ቀን አይደለም። በላስታም እንዲሁ ነው። መሮው ያረፈበትን ዘመን የሚመሰክረው ዓለቱ ሳይሆን በፍርስራሹ ውስጥ የቀረ የከሰል ፍርፋሪ ወይም አጥንት ነው፤ ያውም ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደወጣ ከታወቀ።

በጥገና ስም በአካፋ ተጠርጎ የሚጣል አፈር፣ እንግዲህ ቃሉን ሳይሰጥ የሚቀበር ምስክር ነው። ጣሪያውን ለማዳን የሚተጋ ሁሉ ከእግሩ ሥር ያለውንም ይጠብቅ።