ስምጥ ሸለቆ

ሸለቆ ሁሉ ስምጥ አይደለም። የዓባይን ሸለቆ የቆፈረው ውሃ ነው፤ ወንዙ አለቱን እየሸረሸረ ወረደ። ስምጥ ሸለቆ ግን የሚፈጠረው የምድር ቅርፊት ግራና ቀኝ ሲሳብ ነው፤ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቆቹ መካከል ያለው መሬትም ቁልቁል ይሰምጣል። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የሚጓዝ ሰው ጆሮው ድፍን የሚለው የእንዲህ ዓይነቱን ስምጥ ጠርዝ ሲወርድ ነው። የግራና የቀኙ ቅርፊት መለያየት በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ ጥፍራችን እንኳ ከዚያ ፈጥኖ ያድጋል። አንዳንዴ ግን ምድር ትቸኩላለች። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መሬት በሳምንታት ውስጥ ተሰንጥቆ፣ ቦታ ቦታ ላይ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። ክፍተቱን ከሥር የሞላው ቅልጥ አለት ነው። እንግዲህ ተማሪዎች፣ ስምጥ ሸለቆን ምን ፈጠረው ስትባሉ «ወንዝ» ብላችሁ እንዳትመልሱ።