የመኪና መሪ ቆዳ፤ አመጣጡ፥ አለባበሱና እድሳቱ

የአንድ አሮጌ አውቶሞቢል በር ተከፍቶ ሲታይ፥ መኪናው ያሳለፈውን ዘመን ከሞተሩም ከጎማውም ይልቅ በግልጽ የሚናገረው መሪው ነው። መቀመጫው በጨርቅ ሊሸፈን፥ አካሉም ቀለም ሊቀባ ይችላል፤ መኪናው ተነድቶ መሪውን እጅ ያልነካበት ቀን ግን የለም። መሪው ቆዳ የለበሰ እንደ ሆነ፥ በሰዓት መደወያ ላይ 10 እና 2 የተጻፉባቸው ቦታዎች በሚውሉበት ግድም ቀለሙ ለቆ፥ ስፌቱ ላልቶ፥ ገጹም ወይ እንደ መስተዋት አብረቅርቆ ወይ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ይገኛል። ባለንብረቱም ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ የሚያብረቀርቅ ቅባት ያስቀባዋል፥ ወይም ከገበያ የላስቲክ ሽፋን ገዝቶ ያለብሰዋል። ሁለቱም ድርጊቶች ቆዳው በመሪው ላይ እንዲውል ያደረገውን ምክንያት የሚያፈርሱ ናቸው። ምክንያቱ ምን እንደ ነበረ ለመረዳት ወደ መነሻው መመለስ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች ክብ መሪ አልነበራቸውም። ካርል ቤንዝ በ1886 የፈጠራ መብት ያስመዘገበባት ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ የምትመራው በቀጥ ያለ ዘንግ ጫፍ ላይ በተተከለ ትንሽ እጀታ ነበር፤ ሌሎች ሠሪዎችም ከጀልባ የተወረሰውን አግድም ዱላ ይጠቀሙ ነበር። በፈረስ ፍጥነት ለሚሄድ ሠረገላ ይህ በቂ ነበር። ፍጥነቱ ሲጨምር ግን የፊተኛው ጎማ ጉድጓድ ወይም ድንጋይ በመታ ቁጥር ዱላው ከነጂው እጅ ያመልጥ ጀመር። በ1894 ከፓሪስ እስከ ሩዋን በተደረገው የመኪና ውድድር አልፍሬድ ቫሸሮን የተባለ ተወዳዳሪ በፓናር መኪናው ላይ ክብ መሪ ገጥሞ ቀረበ፤ በታሪክ ከሚታወቁት የመጀመሪያው ይኸው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1896፥ የዚያው የፓናር ኤ ሌቫሶር ድርጅት ባለቤትና መሐንዲስ የነበረው ኤሚል ሌቫሶር ከፓሪስ ማርሴይ ደርሶ መልስ ውድድር ላይ ሳለ፥ በአቪኞን አቅራቢያ ውሻ መንገድ ገብቶበት በዱላ የሚመራው መኪናው ተገለበጠና ከመቀመጫው ተወረወረ። በሚያዝያ 1897 ሲሞት ብዙዎች ምክንያቱ የዚያ ቀን ጉዳት እንደ ሆነ አመኑ። ድርጅቱም ከ1898 ጀምሮ መኪናዎቹን በክብ መሪ ያወጣ ጀመር።

የመሪው ቅርጽ እንዲህ በአጭር ጊዜ ሲወሰን፥ ቀለበቱ ከምን ይሠራ የሚለው ጥያቄ ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አከራካሪ ሆኖ ቆየ። አስቀድሞ እንጨት ነበር፤ ቀጥሎም ኢቦናይት የሚባለው ጠንካራ ላስቲክ፥ ሴሉሎይድ፥ ከዚያም ሊዮ ቤክላንድ በ1907 የፈጠረው ቤክላይት መጡ። እነዚህ ሁሉ አንድ የጋራ ጉድለት ነበራቸው፤ እጅ ሲያልበው ወይም ዝናብ ሲነካቸው ያንሸራትታሉ። መኪኖቹም በዚያን ጊዜ ክፍት ነበሩ። ስለዚህ መፍትሔው በመሪው ላይ ሳይሆን በነጂው እጅ ላይ ተፈለገ። ነጂ ያለ ቆዳ ጓንት አይነዳም ነበር፤ ዛሬም ከተሳፋሪው ጉልበት ፊት ያለችውን ትንሽ ሣጥን እንግሊዞች «የጓንት ሣጥን» ብለው የሚጠሯት ከዚያ ዘመን በቀረ ልማድ ነው።

የጓንቱ ቆዳ ነገር በኢትዮጵያዊ አንባቢ ዘንድ ባዕድ መሆን የለበትም። ሱፍ የሚያበቅል በግ ቆዳው በብዙ የሱፍ ሥሮችና በስብ የተሞላ ስለሆነ ሲለፋ ይላላል፤ ከሱፍ ይልቅ አጭር ጸጉር ያለው የኢትዮጵያ በግ ግን የቆዳው ክሮች እርስ በርሳቸው የተጠጋጉ ስለሆኑ፥ በጣም ቢሳሳም እንኳ አይቀደድም። በእንግሊዝ አገር በዮቪል ከተማ የነበረውና በ2023 ሥራውን ያቆመው የፒታርድስ ድርጅት ለብዙ ዓመታት በጓንት ቆዳው ስሙን ያተረፈው ከዚህ አገር በሚሄደው የበግ ቆዳ ጭምር ነበር። የእጅን ላብ ችሎ፥ ሳይንሸራተት፥ የመሪውንም ንዝረት ለእጅ ሳይደብቅ የሚቀመጥ ነገር ከቆዳ የተሻለ እንዳልነበረ ጓንት ሰፊዎች ከመኪና ሠሪዎች ቀድመው አውቀዋል ማለት ይቻላል።

ቆዳው ከእጅ ወደ ቀለበቱ የተሻገረው በተለይ በእሽቅድምድም ሜዳ ነው። በ1950ዎቹ የጣሊያኑ ኤንሪኮ ናርዲ ድርጅት በአሉሚኒየም ላይ በተለጠፈ እንጨት ያሠራቸው የነበሩት ቀጫጭን መሪዎች በውበታቸው ዝነኛ ነበሩ፤ ዛሬም ሰብሳቢዎች ይሻሟቸዋል። ነገር ግን የእሽቅድምድም መኪና የመቀመጫ ቦታው እየጠበበ ሲሄድ መሪውም ማነስ ነበረበት። እዚህ ላይ ቀላል የሒሳብ ጉዳይ አለ። የመሪው ዲያሜትር ከ420 ወደ 360 ሚሊ ሜትር ቢቀንስ፥ ያንኑ የማዞሪያ ሞመንት ለማግኘት እጅ 17 በመቶ ያህል የበለጠ ኃይል ማሳረፍ ይኖርበታል። ክራይስለር በ1951 በኢምፔሪያል ሞዴሉ ላይ ለገበያ ያቀረበው የሃይድሮሊክ መሪ በእሽቅድምድም መኪና ላይ ስላልነበረ፥ ይህን ተጨማሪ ኃይል የሚሸከመው በእጅና በቀለበቱ መካከል ያለው ሰበቃ ብቻ ነው። ወፈር ያለና ቆዳ የለበሰ ቀለበት የተፈለገውም ከዚህ የተነሣ ነው። ጣሊያናዊው ተወዳዳሪ ጃንፒዬሮ ሞሬቲ ለራሱ መኪና እንዲህ ያለ መሪ አሠርቶ ነበር፤ ሌሎች ተወዳዳሪዎችም ስለወደዱለት በ1964 ሞሞ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። በዚያው ዓመት ጆን ሰርቲስ በፌራሪ መኪና የፎርሙላ አንድ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን የያዘው መሪ የሞሬቲ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቆዳ መሪ የፈጣን መኪና ምልክት ሆኖ፥ ውሎ አድሮም ለተራው የቤት አውቶሞቢል ተረፈ። ምልክት መሆኑ አገልግሎቱን እንዳስረሳው ግን ሳይጠቀስ አይታለፍም።

የእንጨት መሪ የተተወው በማንሸራተቱ ብቻ አልነበረም። በግጭት ጊዜ ተሰብሮ ስንጥሩ የነጂውን ደረት ይወጋ ነበር። ከ1968 ጀምሮ በአሜሪካ የጸናው የደኅንነት ደንብ የመሪው ዘንግ በግጭት ጊዜ ታጥፎ ኃይሉን እንዲውጥ ስላስገደደ፥ ቀለበቱም ከብረት አጽም በላይ የፖሊዩሬቴን ስፖንጅ የፈሰሰበት እየሆነ መጣ። በ1970ዎቹና ከዚያ በኋላ በተሠሩት መኪኖች ላይ ቆዳው የተሰፋው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ስፖንጅ ላይ ነው።

አሁን የአለባበሱን ጥበብ በመጠኑ መመርመር ይገባል፤ የእድሳቱ ችግር ሁሉ የሚፈልቀው ከዚህ ነውና። የቀለበቱ ውጫዊ ዲያሜትር 380፥ ውፍረቱም 30 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ውጫዊ ዙሪያው 1194 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ ውስጠኛው ዙሪያ 1005 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቀለበቱን የሚጠቀልለው ጥብጣብ ወርዱ 94 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ስፌቱ የሚያርፈው በውስጠኛው ዙሪያ ስለሆነ፥ የጥብጣቡ መካከል 1194 ሚሊ ሜትር ሲለጠጥ ሁለቱ ጠርዞች በ1005 ውስጥ መግባት አለባቸው። ጥብጣቡ በመካከለኛው ልክ 1100 ሚሊ ሜትር ቢቆረጥ፥ መካከሉ 8.5 በመቶ ያህል መሳብ፥ ጠርዞቹም የዚያኑ ያህል መኮማተር ይኖርባቸዋል። ተራ ሸራ ይህን ቢጠየቅ ይጨማደዳል፤ ቆዳ ግን ተስቦ የተሰጠውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ይህ ስፌት ዛሬም ቢሆን በታላላቅ ፋብሪካዎች ሳይቀር በሰው እጅ፥ በመርፌ የሚሠራ መሆኑ፥ ሁሉን በማሽን ለለመደ መሐንዲስ ሊያስገርም ይችላል።

የቆዳው አለፋፍም ታሪክ አለው። ጥሬ ቆዳ በውሃ ውስጥ ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድን አለፍ ሲል ይኮማተራል። በዛፍ ቅርፊት ታኒን የለፋው እስከ 80 ግድም ይችላል። ኦገስተስ ሹልትስ በ1884፥ ማርቲን ዴኒስም በ1893 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያወጡበት የክሮም አለፋፍ ግን ቆዳውን የፈላ ውሃ እንኳ እንዲችል አደረገው። በፀሐይ ላይ ቆማ ለምትግል መኪና ይህ ታላቅ ነገር ነበር። በቅርብ ዘመን በርካታ የመኪና ቆዳዎች ከክሮም ነፃ በሆነ መንገድ ስለሚለፉ ሙቀት የመቻል ኃይላቸው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ላላ ያለውን ቆዳ በሙቅ አየር መትቶ ማጥበቅ የሚባለው የአንዳንድ ሠራተኞች ዘዴ ለጊዜው ያማረ ቢመስልም፥ ከልኩ ካለፈ ቆዳውን እንደ ቀንድ አድርቆ ያስቀረዋል።

ከዚህ በኋላ መሪው ለምን እንደሚያረጅ መረዳት ቀላል ነው። በተለፋው ቆዳ ላይ የሚታየው ቀለም ቆዳው ራሱ ሳይሆን በላዩ የተቀባ እጅግ ስስ ልባስ ነው። የእጅ ወዝና ጨው፥ ዛሬ ደግሞ የእጅ ማጽጃ አልኮል፥ ይህን ልባስ ያለሰልሱታል፤ ቀለበትና ጥፍርም ይፍቁታል። የማርሽ ዱላ ባላት መኪና ቀኝ እጅ ወደ ማርሹ ስለሚመላለስ፥ መሪው በግራ ባለባት አገር ግራው ወገን ይበልጥ ተበልቶ መገኘቱ የተለመደ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነው፤ የመሪው ማብረቅረቅ የጤንነት ምልክት ይመስላቸዋል። ከፋብሪካ የወጣ የመሪ ቆዳ አብዛኛውን ጊዜ ደብዛዛ ነው። ያ አንጸባራቂ ገጽ ለዓመታት የተጋገረ ወዝና አቧራ ነው፤ እጅንም የሚያንሸራትተው እርሱ ነው።

ስለዚህ የእድሳት የመጀመሪያው ሥራ መቀባት ሳይሆን ማጽዳት ነው። በዚህም ላይ የልብስ ሳሙና አይመከርም። የተለፋ ቆዳ ፒኤቹ 4 ግድም የሆነ በመጠኑ አሲዳዊ ነገር ሲሆን፥ የልብስ ሳሙና ግን 10 ያህል ይደርሳል፤ ሲደጋገም ቆዳውን የለፋበትን ትስስር ይጎዳል። ለቆዳ የተዘጋጀ ለስላሳ ሳሙና፥ ለስላሳ ብሩሽና ተጨምቆ የረጠበ ጨርቅ ይበቃሉ። ጨርቁ ጥቁር መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ መደጋገም ነው። በዚህ ብቻ መልኩ የተመለሰለት መሪ ጥቂት አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ከዚህ አልፎ መንካት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ልባሱ ተልጦ ቆዳው ግን ጤነኛ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ቀለም ይመለስለታል። የቀረው ወዝ በአልኮል ይጠረጋል፤ የተቆራረጠው የልባስ ጠርዝ በላመ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ተብሎ ይስተካከላል፤ ጥቃቅን ስንጥቆች በተለጣጭ የቆዳ መሙያ ይደፈናሉ። ቀጥሎ በውሃ የሚበጠበጥ የቆዳ ቀለም በስፖንጅ እጅግ ሳስ ብሎ፥ እየደረቀ፥ ብዙ ጊዜ ይቀባል። በመጨረሻም ደብዛዛ መከላከያ ልባስ ይደረግበታል። አንድ ወፍራም ቅብ ከአምስት ስሶች አይሻልም፤ ወፍራሙ ቆዳው ሲታጠፍ አብሮ ስለማይታጠፍ በጥቂት ወራት ውስጥ ይሰነጠቃል። የሲሊኮን ቅባት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ዛሬ መሪውን ያንሸራትታል፥ ነገም ቀለም እንዳይዝ ያደርገዋል።

የቆዳው ክር ራሱ ተበጣጥሶ ወይም ስፖንጁ ከሥሩ ታይቶ ከሆነ ግን ቀለም መሸፋፈን ነው። ያን ጊዜ መሪው ተፈትቶ አዲስ ቆዳ መልበስ አለበት። መርሰዲስ ቤንዝ በ1981 ለገበያ ካቀረበው ወዲህ የተስፋፋው የአየር ከረጢት ያለበት መኪና ከሆነ፥ ባትሪው ሳይፈታና በሠሪው መመሪያ የተወሰነው ደቂቃ ሳያልፍ ማንም እጁን ማስገባት የለበትም። ከረጢቱ የሚነፋው በፈንጂ ነገር ነውና። የመሪው ዳዶ ከመፈታቱም በፊት ዘንጉና መሪው ምልክት ሊደረግባቸው ይገባል፤ አለዚያ መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ መሪው ጠምሞ ይቀራል።

መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፥ በአገራችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ዕድሜ ከቀድሞው ይበልጥ እንደሚረዝም ይታመናል። መሪ የሚያለብሱ ባለሙያዎችም በከተሞቻችን አልጠፉም። የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ የቆዳው ምርጫ ነው፤ ለወንበር የተዘጋጀ ወፍራም ቆዳ የተጠየቀውን 8 በመቶ ስለማይሰጥ፥ ሠራተኛው በማስቲሽ ብዛት ሊያስገድደው ይሞክራል። ከ1.2 ሚሊ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ፥ በደንብ የሚለጠጥ ቆዳ ተመርጦ፥ አሮጌው ልብስ በጥንቃቄ ተፈትቶ ለአዲሱ እንደ ንድፍ ሲያገለግል፥ አሮጌው ተለጥጦ የነበረ መሆኑም ሳይዘነጋ አዲሱ በመጠኑ ጠበብ ተደርጎ ይቆረጣል። ከዚያ በሰም የተነከረ ጠንካራ ክር በሁለት መርፌ፥ ከታችኛው ክንድ ተነሥቶ ወደ ላይ ይሰፋል። ሲያልቅም ሠራተኛው ቀለበቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ፎጣ እንደሚጨምቅ ሰው ይጠመዝዘዋል። ቆዳው በስፖንጁ ላይ ጥቂት እንኳ ከዞረ፥ ስፌቱ ተፈትቶ እንደገና ይጀመራል።