ትራንዚስተርን የሚጠብቅ ትራንዚስተር

የትራንዚስተር ታሪክ ሲነሳ ብዙዎች የሚጀምሩት እ.ኤ.አ. በ1947 መጨረሻ ባርዲንና ብራተይን በኒው ጀርሲው ቤል ላብራቶሪ በጀርማኒየም ቁራጭ ድምፅ ካጎሉበት ቀን ነው፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ያቆማሉ። እኔ ግን ትራንዚስተር የሚታመን ዕቃ የሆነው ከቃጠሎ የሚያድነው ጠባቂ ሲያገኝ ነው እላለሁ፤ ጠባቂውም ሌላ ትራንዚስተር ነው። ቫክዩም ቱቦ ከአቅሙ በላይ ፍሰት ለአፍታ ቢያልፍበት ውስጡ ይቀላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ትራንዚስተር ግን ሙቀቱን የሚችልበት ገላ የለውም። መውጫው ሾርት ከሆነ ፊውዙ ሳይቀልጥ እሱ ቀድሞ ያልቃል፤ ፊውዝ የሚሠራው በመቅለጥ ነውና፣ መቅለጥ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

መፍትሔው በቀላልነቱ ያስደንቃል። ዋናው ትራንዚስተር የሚሰጠው ፍሰት በአንድ ትንሽ ሬዚስተር በኩል እንዲወጣ ይደረግና የሁለተኛው ትራንዚስተር ቤዝና ኤሚተር በሬዚስተሩ ሁለት ጫፎች ላይ ይገናኛሉ። በጫፎቹ መካከል ያለው ቮልቴጅ 0.6 ገደማ እስኪደርስ ሁለተኛው አይነቃም። ሲነቃ ግን ወደ ዋናው ቤዝ የሚሄደውን ፍሰት ወደ ራሱ ይስባል፤ ዋናውም ከዚያ በላይ መስጠት ይሳነዋል። ሒሳቡ አንድ ማካፈል ብቻ ነው፦ 0.6 ቮልት ለ1 ኦም፣ 0.6 አምፔር። ሾርቱ ሲነሳ የሚለወጥ ዕቃ ሳይኖር ሥራው ይቀጥላል።

የዚህን ጠባቂ ዋጋ ብዙ ትራንዚስተሮችን በአንድ ቺፕ ላይ የያዙት አይሲዎች ራሳቸው ይመሰክራሉ። መሐንዲሱ ቦብ ዊድላር በ1965 ለፌርቻይልድ ኩባንያ የነደፈው 709 የተባለው ማጉያ አይሲ ተወዳጅ ቢሆንም መውጫው የሾርት መከላከያ አልነበረውም። በ1967 በናሽናል ሴሚኮንዳክተር ያወጣው ኤልኤም101 ግን ነበረው፤ በ1968 የመጣው የፌርቻይልድ 741 ደግሞ በውስጡ ባለው 25 ኦም ሬዚስተር ፍሰቱን በ25 ሚሊአምፔር አካባቢ ይገታል። 741 የየላብራቶሪው የተማሪዎች መማሪያ የሆነው፣ የጀማሪን ስህተት መቻሉም ረድቶት ይመስለኛል።

ወሰኑ ትክክለኛ አይደለም የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ 0.6 ያልነው ቮልት ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር 2 ሚሊቮልት ያህል ይወርዳል። ሆኖም የሚወርደው ሲሞቅ ስለሆነ ወሰኑ የሚጠብቀው መጥበቅ በሚገባው ሰዓት ነው። የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፦ በ12 ቮልት መስመር ላይ ሾርት ሲፈጠር 0.6 አምፔር ብቻ ቢያልፍም 7 ዋት የሚያህል ሙቀት በዋናው ትራንዚስተር ላይ ይወድቃል፤ ሙቀቱን የሚያስወጣ ብረት ካልተገጠመለት የፍሰቱ መገደብ ብቻውን አያድነውም። ዊድላር ግን ኤልኤም309 በተባለው ባለ5 ቮልት ሬጉሌተር ላይ መገደቢያውን አልተወውም፤ ቺፑ ሲግል መውጫውን የሚዘጋ ሌላ ትራንዚስተር ጨመረበት። ይህ ጭማሪ መጋሉን የሚያውቀውም በሙቀት በሚወርደው በዚያው ቮልቴጅ ነው።