ሐመሩ ፈረስና የኅዳር ጭስ

በ2013 ዓ.ም. የኮሮና ክትባት ሀገራችን ሲገባ፣ ጎረቤቴን እማማን «ይምጡ፣ አብረን እንከተብ» አልኳቸው። «አይ ልጄ! የአውሬውን ምልክትማ አልቀበልም» አሉኝ። እኔ ደግሞ ሳቅሁባቸው።

እማማ ከመሬት ተነስተው አልፈሩም። በዮሐንስ ራእይ 6ኛ ምዕራፍ ሞት የተባለው ጋላቢ በሐመር ፈረስ ሲመጣ ቸነፈር አንዱ መሣሪያው ነው። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ «የኅዳር በሽታ» ሲባል፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት፣ ቀባሪ በታጣበት በዚያ ወር «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» ያለ ሰው ቢኖር ማን ይፈርድበታል? ቢሆንም ሰው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ጸለየ፤ ቆሻሻውንም ጠርጎ አቃጠለ። ጭሱ በሽታውን አይገድለው ይሆናል፤ ግን ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር ሰፈሩ የሚታጠነው የዚያን ጊዜውን መከራ እያስታወሰ ነው።

ለእማማ መንገር የነበረብኝ ይህንን ነበር። 13ኛው ምዕራፍ ምልክቱን የሚያገናኘው አውሬውን ከማምለክ ጋር እንጂ ከመድኃኒት ጋር አይደለም። እንዲያውም ያው መጽሐፍ መጨረሻው ላይ፣ 22ኛው ምዕራፍ፣ ቅጠሉ ለሕዝብ መፈወሻ የሚሆን ዛፍ ያሳየናል። መጽሐፉ እኮ እቤታቸው፣ ራስጌያቸው ነበር። ቁጭ ብለን አብረን ብናነበው ምን ነበረበት?

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። ሳይከተቡ፣ በዓመቱ በዚያው በሽታ አረፉ።