ስለ ነጋዴ ዕጣ

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ዕጣ በአገራችን የቆየ ነገር ነው። እቁብተኞች በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ገንዘባቸውን ጥለው ዕጣ ያወጣሉ፤ ነገር ግን የእቁብ ዕጣ ተራን እንጂ ሀብትን አይለይም። ዛሬ ያልደረሰው ነገ ይደርሰዋል፤ ቀድሞ የበላውም እንዳይጠፋ ዋስ ይጠራል። በ1954 ዓ. ም. የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ሲቋቋም ግን ሌላ ዓይነት ዕጣ መጣ፤ ይኸውም ብዙው ከፍሎ ጥቂቱ የሚወስድበት ነው።

ነጋዴ ዕቃውን ለማስተዋወቅ የሚያወጣው ዕጣ ከሁለቱ የትኛውን ይመስላል ቢባል፣ እንደ አመራረጡ ነው።

የሰበታን ነገር እንመልከት። በዚያ የተተከለው የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ብዙ ዘመን በመንግሥት እጅ ከቆየ በኋላ፣ በ2004 ዓ. ም. ዲያጆ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ225 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገዛው። በነዚያ ዓመታት ሌሎችም የውጭ ኩባንያዎች ወደ ቢራው ንግድ ስለ ገቡ ፉክክሩ በረታ፤ በሰበታም በቡራዩም በሱሉልታም (ሦስቱም ከ2015 ዓ. ም. ወዲህ የሸገር ከተማ ክፍሎች ሆነዋል) ጠጪው ቆርኪ እየገለበጠ ዕድሉን የሚያይበት ዘመን ሆነ። አሜሪካዊው ዊልያም ፔይንተር በ1892 እ. ኤ. አ. ቆርኪን ሲያስመዘግብ ጋዙ እንዳይወጣ አስቦ ነበር እንጂ፣ ከሥሩ መኪና ይጻፍበታል ብሎ አልነበረም።

የቆርኪ ዕጣ ለነጋዴው ይመቻል፤ ውጤቱ ወዲያው ይታወቃልና። ነገር ግን አንድ ደካማ ጎን አለው፦ ጠርሙሱን የሚከፍተው አስተናጋጁ ነው፣ የከፈለው ግን ጠጪው ነው። ከዚህም በላይ ሁለተኛ ዕድል የሚሻ ሰው ሁለተኛ ጠርሙስ ማስከፈት ይኖርበታል፤ በእኔ አስተያየት የዚህ ዕጣ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው።

ቁጥር አትሞ በኋላ ባለ ዕድሉን ማስታወቅም አደጋ አለበት። በ1992 እ. ኤ. አ. በፊሊፒንስ ፔፕሲ ኮላ ለባለ ዕድል ቆርኪ አንድ ሚሊዮን ፔሶ እሰጣለሁ ብሎ 349 ቁጥር ወጣ፤ ይህ ቁጥር ግን በስሕተት በብዙ መቶ ሺሕ ቆርኪ ላይ ታትሞ ነበር። ኩባንያው ለያንዳንዱ 500 ፔሶ ላስታርቃችሁ ቢል፣ ድኻው ሕዝብ ሀብታም ሆኛለሁ ብሎ አድሮ ነበርና ተቈጣ፤ የጭነት መኪናዎች ተቃጠሉ፣ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በእኛ አገር ነጋዴ እንዲህ ያለ ዕጣ ሲያወጣ ከሎተሪው መሥሪያ ቤት ፈቃድ እንዲያወጣ መታዘዙ ለከንቱ አይደለም።

በ2011 ዓ. ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የመጠጥን ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። ዕጣ ማውጣት ግን በሌላው ንግድ ቀጥሏል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ «ይቆጥቡ ይሸለሙ» እያለ ያወጣው ዕጣ ከነዚህ ሁሉ ለእቁቡ ይቀርባል፤ ዕጣው ያልወጣለት ቆጣቢ ሽልማቱ ቢያልፈውም፣ ያስቀመጠው ብር ከነወለዱ በደብተሩ ላይ ነው።